ሬሳ ቤቱን የሞላው ፋይል ነው!

«ሬሳ ቤቱ ሞልቷል!» በተባለ ቁጥር የቢሮክራት መልስ በየትም አገር አንድ ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል። ጨረታ ይወጣል። ከበፊቱ ሰፋ ያለ የማቀዝቀዣ ክፍል ይገዛል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዜና ይነበባል። ጥቂት ቆይቶ ያም ይሞላል። እንደገና ኮሚቴ፣ እንደገና ጨረታ። ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ፈራሚና አስፈራሚ መሐል «ቆይ እስቲ! ይህን ቤት የሞላው ማን ነው? ስንት ቀንስ ተኛበት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይጠፋል?

ነገሩ አጭር ነው። የአስከሬን ማቆያ የሚጠበው ሰው ስለበዛበት ብቻ አይደለም፤ የገባው ሰው ስለማይወጣበት ጭምር ነው። የማይወጣው ደግሞ ሟቹ እምቢ ብሎ አይደለም። ሟች ምን አቅም አለው? የሚያቆዩት ሕያዋን ናቸው፤ ያውም ወንበርና ማኅተም ያላቸው ሕያዋን። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ከመግዛት በፊት ቀን መቁጠር ይቀድማል። ቀኑን ሳይቆጥሩ ሣጥን የሚገዙ ሰዎች የሕዝብን ገንዘብ በበረዶ ላይ እየዘሩት ነው።

«የኛ ሰው ሬሳ አያሳድርም»

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ማመካኛ እናንሣ። «የኛ ሰው እንደ ፈረንጅ ሬሳ አያሳድርም፤ ሞተ ሲባል ጡሩንባ ይነፋል፣ የእድር ድንኳን ይተከላል፣ ቀብር በዕለቱ ወይ በማግስቱ ነው። ማቀዝቀዣው ለማን ነው?» ይላሉ።

ግማሹ እውነት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወገኑን ቶሎ አፈር ማልበስ ይወዳል። ዘመድ ያለው፣ አልጋው ላይ የሞተ ሰው ሬሳ ቤት ቢገባም አንድ ሌሊት ቢያድር ነው። ግን ዘመዱ የማይታወቀውስ? ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥቶ፣ መታወቂያ ሳይዝ መኪና የገጨው የቀን ሠራተኛስ? ፖሊስ «ምርመራ ይፈልጋል» ያለውስ? ልጆቹ ከአሜሪካ እስኪገቡ የሚጠበቀው አባትስ? ዓረብ አገር ሞታ አሠሪዋ ወረቀት እስኪፈርም፣ ኤምባሲው እስኪያረጋግጥ፣ የማኅበሩ ሰዎች ለመሣፈሪያዋ ገንዘብ እስኪያዋጡ በባዕድ አገር ማቀዝቀዣ ውስጥ የምትቆየው እህታችንስ? የኛ ሰው ሬሳ አያሳድርም የሚሉት እነዚህን ሰው አይሏቸውም ማለት ነው?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አካባቢ ሲከሰከስ 157 ሰው አለቀ። የማን የማን እንደሆነ በዲ.ኤን.ኤ. ተለይቶ እስኪያበቃ ወደ ስድስት ወር ፈጅቷል። ያን ሁሉ ጊዜ የሟቾቹ ቅሪት በብርድ፣ በቁጥር፣ በመዝገብ መጠበቅ ነበረበት። «በማግስቱ ይቀበራል» የሚለው ወግ እዚያ ላይ ምን ሊረዳ?

ሒሳቡን እንሥራው

ወረቀትና እርሳስ ይያዙ፤ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አንድ ሆስፒታል አለ እንበል። በቀን አራት፣ በወር 120 አስከሬን ይቀበላል። ከእነዚህ 112ቱ ዘመድ አላቸው፤ አንድ ቀን አድረው ይወጣሉ። ስምንቱ ግን ወይ ማንነታቸው አልታወቀም፣ ወይ ፋይላቸው ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ ዘንድ ይመላለሳል። እያንዳንዳቸው 45 ቀን ይቆያሉ እንበል።

የ112ቱ ቆይታ 112 ቀን ነው። የስምንቱ ስምንት ጊዜ 45፣ ማለትም 360 ቀን። ድምሩ 472። ለ30 ቢካፈል በማንኛውም ቀን 16 ያህል ቦታ ተይዟል ማለት ነው።

አሁን ልብ ይበሉ! ከ120 ሰዎች ስምንቱ፣ ከመቶ ሰባት እንኳ የማይሞሉት፣ ከቤቱ ሦስት አራተኛውን ይዘዋል። ሬሳ ቤቱን የሞላው ሞት ሳይሆን ፊርማ ያጣ ፋይል ነው የምንለው ለዚህ ነው።

እስቲ ደግሞ የስምንቱ ቆይታ ከ45 ቀን ወደ 15 ይውረድ። የጣት አሻራ በዕለቱ ይነሣ፣ ፎቶው በዕለቱ ለየጣቢያው ይድረስ፣ ሐኪሙ ምርመራውን በሁለትና በሦስት ቀን ይጨርስ፣ መርማሪው የቀብር ፈቃዱን መሳቢያው ውስጥ አያስተኛው። ያኔ 16 የነበረው ወደ ስምንት ይወርዳል። አንድ ብሎን ሳይገዛ፣ አንድ ዶላር ሳይመነዘር ቤቱ በእጥፍ ሰፋ! ይህን ያህል ርካሽ ማስፋፊያ ከየትኛው ፋብሪካ ይገኛል? ግን ጨረታ የለውማ። ጨረታ የሌለው ሥራ ማንን ያጓጓል?

ይህ ሒሳብ ምስጢር አይደለም። በየቀኑ የሚገባው ሲባዛ በሚቆይበት ቀን፤ በቃ። በዚያ ላይ መጠባበቂያ ይጨመራል። አማካይ ማለት ግማሹ ቀን ከዚያ በላይ ነው ማለት ስለሆነ፣ 16 በአማካይ የሚያዝበት ቤት 20 ቦታ ሊኖረው ይገባል። ክረምት አለ፣ በዓል አለ፣ የአውቶቡስ አደጋ አለ። ሆኖም ስንት ገዢ መሥሪያ ቤት ነው ይህችን ስሌት ከጨረታው ሰነድ ጋር አያይዞ የሚያወጣ?

የሀሊስኮ መኪና

«ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው» የሚል ካለ ወደ ሜክሲኮ ብቅ ይበል። የሀሊስኮ ግዛት ዋና ከተማ ጓዳላሃራ ትባላለች። እዚያ አገር የወንበዴ ጦርነት ሰው ይፈጃል፤ ሬሳ ቤቱ ሞላ። መፍትሔ ተብሎ ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ የጭነት መኪና ተከራዩና አስከሬኑን እዚያ ደረደሩት። መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ ጉዱ ወጣ። መኪናው 273 ያህል አስከሬን እንደጫነ ከመጋዘን ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ሌላ ቦታ ሲዞር ተገኘ። ነዋሪው ሽታው አላስቆም አላስቀምጥ ሲለው ጮኸ። ልጆቻቸው የጠፉባቸው እናቶች «ልጄ እዚያ ውስጥ ይሆን?» እያሉ ደጅ ጠኑ።

ምክንያቱ ምን ነበር? በአገሪቱ ማንነቱ ያልታወቀ ሬሳ እንዳይቃጠል የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፤ ነገ ዘመድ ቢመጣ የሚያገኘው እንዲኖር ነው። ግን ሕግ አውጪው «ይቆይ» ሲል የሚቆይበትን ቦታ የቆጠረ፣ ማንነት የሚለየውን ሐኪም የጨመረ አልነበረም። «ይቆይ» የሚል ቃል በፈረሙ ቁጥር መደርደሪያ እየያዙ እንደሆነ አላወቁም፤ ወይ አውቀው ዝም አሉ። መጨረሻው ምን ሆነ? የፎረንሲክ ተቋሙ ኃላፊ ተባረረ፤ ብዙም ሳይቆይ የግዛቲቱ ዓቃቤ ሕግም ተነሣ። ሙታኑ ግን እዚያው ሰልፍ ላይ ነበሩ።

ሀብት ያድናል የሚልም ካለ ኒውዮርክን ይይ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ያን ታላቅ ከተማ ሲያጥለቀልቀው በየሆስፒታሉ ደጅ የማቀዝቀዣ መኪና ቆመ። ይህ ይሁን፤ መዓት ነው። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በኋላም፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ 750 ያህል አስከሬን ብሩክሊን ወደብ ላይ በማቀዝቀዣ መኪና ውስጥ እንዳለ ተዘግቧል። ዘመድ ያልተገኘለት፣ ቤተሰቡ የት እንደሚቀብር ያልወሰነ፣ ገንዘብ ያጠረው። ያ ሁሉ ዶላር ብርድ ገዛ እንጂ ቀን አላሳጠረም።

57 ብለው ይሸጡልዎታል፣ 24 ይረከባሉ

ቀኑ ተቆጠረ እንበል። አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ፤ እዚህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጨዋታ አለ።

ወለሉ አምስት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት የማቀዝቀዣ ክፍል ለገበያ ቀረበ እንበል። 30 ካሬ ሜትር ነው። ነጋዴው ካልኩሌተሩን ያወጣል። አንድ መተኛ ከነብረቱ ሁለት ሜትር ከአሥር በሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር። 30 ካሬ ውስጥ 19 ይገባል፤ በሦስት ደርብ ሲባዛ 57! «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ 57 አስከሬን ይይዝልዎታል» ይላል። ክቡር ሥራ አስኪያጁም ይፈርማሉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ገደሉ የት አለ? ሠራተኛው የት ይቁም? ቃሬዛው በየት ይዙር? አስከሬኑ በራሱ እግር ተራምዶ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። በእግሩ በኩል ተገፍቶ የሚገባ መደርደሪያ ከፊቱ ቢያንስ የራሱን ርዝመትና አንድ ሰው የሚቆምበትን ያህል ባዶ ወለል ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ የሚቆመው በአንድ ግድግዳ በኩል ብቻ ነው። በስድስት ሜትር ግድግዳ ላይ ስምንት ረድፍ፣ በሦስት ደርብ 24። በቃ! ሃምሳ ሰባቱ 24 ሆነ። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በቁመት ከግድግዳው ጋር ትይዩ አጋድሞ በጎን የሚያስገባ መደርደሪያ ይመረጣል፤ መተላለፊያው ይጠባል፣ ቦታ ይቆጥባል። ይህን ግን ከመግዛት በፊት ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥሎ፣ እውነተኛውን ቃሬዛ አዙሮ መሞከር ይጠይቃል። የጠመኔ ዋጋ ስንት ነው?

አላበቃም። ሦስተኛው ደርብ ከትከሻ በላይ ነው። ማንሻ ያለው ባለጎማ ቃሬዛ ከሌለ ማን ያወጣዋል? ሁለት ሠራተኞች ሰማንያ ኪሎ ሰው በክንዳቸው ከራሳቸው በላይ አንሥተው፣ በእርጥብ ወለል ላይ፣ በብርድ? አንዴ ያደርጉታል፤ ሁለተኛ ወገባቸው ይሄዳል፤ ሦስተኛ አስከሬኑ ይወድቃል። ማንሻው ካልተገዛ ወይም ተበላሽቶ ጥግ ከቆመ ላይኛው ደርብ የለም ማለት ነው። 24ቱ 16 ይሆናል። ከላይ የሠራነው ሒሳብ ትዝ አለዎት? አማካዩ 16 ነበር! «57 ይይዛል» ተብሎ የተመረቀው ክፍል በተከፈተበት ወር ጢም ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው አስከሬን የት ነው የሚቀመጠው? ወለል ላይ፤ በመተላለፊያው። መተላለፊያው ሲዘጋ ደግሞ ከመደርደሪያው ማውጣትም አይቻልም። የሞተው ሰው አንዴ ከሞተ በኋላ ሁለተኛ የሚዋረደው እዚህ ላይ ነው።

አደራደሩም ወግ አለው። ከባዱ ከታች። ዛሬ ወይ ነገ የሚወጣው በበሩ አጠገብ፤ ለወራት የሚቆየው ወደ ውስጥ፣ ቢቻል በሌላ ክፍል። የፈረሰው ከሌላው ተለይቶ። አንዱን ለማውጣት አምስቱን ማንሣት የሚያስፈልግ ከሆነ ስህተት ይወለዳል፤ የአንዱ እናት የሌላውን ልጅ ይዛ ትሄዳለች። ቤተሰብ ደግሞ ብርዱ ቤት ውስጥ ገብቶ በሬሳ መሐል መፈለግ የለበትም። አንድ ትንሽ የማሳያ ክፍል፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ወንበር። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም አጣቢና ገናዥ ውሃ ያለበት ስፍራ ይፈልጋል። በሩ ደፍ የሌለው፣ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ሠራተኛ ሕያው ነውና ውስጥ ቢዘጋበት መውጫ ይሻል። ይህን ሁሉ ጨረታው ላይ ይፈልጉት፤ ከቀለሙ ዓይነት በስተቀር ብዙ አያገኙም።

መብራት ከሄደስ?

ብርዱን እንይ። ለአጭር ቆይታ የሚፈለገው ከዜሮ በላይ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ይህ መፍረስን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። ለወራት ለሚቆየው ከዜሮ በታች 20 ያህል የሚያወርድ የተለየ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ እዚያ ከመግባቱ በፊት ግን ምርመራው ማለቅ አለበት፤ የደረቀን በረዶ ሐኪም አይመረምርምና። ሁሉን በአንድ ክፍል አጉሮ «ማቀዝቀዣ አለን» ማለት ድፎ ዳቦና አይስክሬም በአንድ ዕቃ ማስቀመጥ ነው።

ሌላም አለ። ትኩስ አስከሬን ሙቀት ይዞ ነው የሚገባው፤ እስኪበርድ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። አሥሩ በአንድ ጊዜ ከገቡ፣ በሩም በየደቂቃው ከተከፈተ፣ ሞተሩ ለመጠበቅ እንጂ ለማብረድ ካልተሠራ፣ ቴርሞሜትሩ 12 እና 15 ያነባል። አንባቢ ካለው!

መብራትማ የታወቀ ነው። በአገራችን መብራት የሚሄደው በቀጠሮ አይደለም። ጄኔሬተር የሌለው፣ ጄኔሬተር ኖሮት ናፍጣ የሌለው፣ ናፍጣ ኖሮት ሌሊት የሚያስነሣው ሰው የሌለው ሬሳ ቤት ማቀዝቀዣ አይባልም፤ የተዘጋ ቁም ሣጥን ነው። ብርድ ሲጠፋ ደግሞ ወደ ፎርማሊን ይሮጣል። ፎርማሊን ለቀብር ያቆያል፤ ነገር ግን የመርዝ ምርመራን ያበላሻል፣ ዲ.ኤን.ኤ.ንም ይጎዳል። ተመርዞ የሞተ ሰው ፎርማሊን ከተወጋ ገዳዩ ተመርቆ ወደ ቤቱ ሄደ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 በአደጋ ጊዜ ስለ አስከሬን አያያዝ አንድ መመሪያ አውጥተዋል። በሞቃት አገር ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፊት የማይለይበት ደረጃ ይደርሳል ይላል። ልብ በሉ፤ ሰዓት እንጂ ሳምንት አላለም። እናት ልጇን በፊቱ የምታውቅበት ዕድል የሚዘጋው «ነገ ይምጡ፣ እማማ» በተባለችበት ማግስት ነው። ያው መመሪያ አንድ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር እስከ 50 አስከሬን ይይዛል ይላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። እንዲህ ላለው ቀን ሦስት ኮንቴይነር ይበቃል። ከማን እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቆም፣ ከየት መብራት እንደሚያገኝ አስቀድሞ በውል የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው የሚፈለገው። መዓት ሲመጣ ጨረታ አይወጣም።

መዝገቡ የማን ነው?

ከሁሉ በላይ ግን መዝገብ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር፤ ቁጥሩ በአካሉ ላይ፣ በመጠቅለያው ላይ፣ በመደርደሪያው ላይ፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት። መቼ ገባ፣ ማን አመጣው፣ ማን መረመረው፣ ለምን አልወጣም፣ በማን ፊርማ ወጣ። ይህ የጽሕፈት ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። የሥልጣን ጉዳይ ነው።

ይህ ሕዝብ ያውቀዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ሬሳ መንገድ ላይ ሲጣል፣ እናት እንዳታለቅስ ስትከለከል፣ ልጇን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈይ ስትባል አይቷል። ያን ጊዜ የጎደለው ማቀዝቀዣ አልነበረም። የጎደለው «ይህ ሰው እዚህ ገብቷል፤ ያመጣው እገሌ ነው» የሚል፣ ማንም የማይሰርዘው መስመር ነው። ቁጥር ያለው መደርደሪያና ክፍት መዝገብ ያለው ሬሳ ቤት ሰው አይጠፋበትም። ሰው የማይጠፋበት ቤት የሚያስፈራው ሰው ማጥፋት የለመደን ብቻ ነው።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፣ ቀጣዩን ሪባን ከመቁረጣችሁ በፊት እነዚህን መልሱልን። በቀን ስንት ይገባል? በአማካይ ስንት ቀን ይቆያል? ከ15 ቀን በላይ የቆዩት ስንት ናቸው፣ ፋይላቸውስ በማን ጠረጴዛ ላይ ነው? 57 ያላችሁት ቃሬዛው ከዞረ በኋላ ስንት ነው? ማንሻው ሲበላሽስ? መብራት ሲሄድ ማን ይነሣል? መልሱን በየወሩ በሆስፒታሉ በር ላይ ለጥፉት። የሟቾችን ስም አትለጥፉ፤ ቁጥሩንና ያቆየውን መሥሪያ ቤት ለጥፉ። ያኔ ፋይል ያስተኛ መርማሪ በማግስቱ ሲሮጥ ታያላችሁ።

እድራችን ይህን ከማንም በፊት ያውቃል። አንድ የእድር ዳኛ ድንኳን ከማስተከሉ በፊት ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ስንት ወንበር እንዳለ ይጠይቃል፤ ወንበር ከጎደለ ከጎረቤት እድር ይዋሳል፤ የዕቃውን ቁጥር በመዝገብ ይረከባል፣ በመዝገብ ያስረክባል። ዲግሪ የለውም፣ መኪናም የለውም። ግን የሰው ሬሳ በእጁ ሲገባ ተጠያቂ እንደሆነ ያውቃል። መንግሥት የሚያህል ነገር ከአንድ የሰፈር እድር ማነሱ ነው የሚያሳፍረው!